ዶዮ ብርድ ልብስ ያለበሰው መሠረት

ባለቤቴ ዶዮ በነገሌ ከተማ ውስጥ ኮንክሪት ያልሞላበት ሰፈር የለም። ወደራ በምትባል ከተማ ለወፍጮ ቤት የሞላው መሠረት ከተሰነጠቀ በኋላ ግን ፎርማን አድርጎ የሚቀጥረው ጠፋ። ልስን ብቻ ይሰጡት ጀመር። አያማርርም፤ ራቱን ግን አይጨርስም ነበር።

ከከተማው ዳር ለትልቅ ጄኔሬተር መሠረት ሲቆፈር መሐንዲሷ ቤተልሄም አስጠራችው።

«ጋሽ ዶዮ፣ የወደራው ለምን ተሰነጠቀ ይላሉ?»

«ውሃ አንሶት ይሆናል።»

«ቀዝቃዛ ውሃ በዝቶበት ነው እንጂ። ወፍራም ኮንክሪት ሲጠነክር ውስጡ ይግላል። ላዩን በአንዴ ካቀዘቀዙት ይሰነጠቃል።»

«እኔው ነኛ የገደልኩት!»

«ይህ ደግሞ ከተሰነጠቀ ሁለታችንም ልስን ለሳኞች ነን» ብላ ሳቀች።

ጠጠሩን ጥላ ውስጥ አቆይተው፣ ገና ሲነጋጋ፣ አየሩ ሳይሞቅ መሙላት ጀመሩ። እንደጨረሱ ፕላስቲክ አለበሱት፤ በላዩ ጆንያ ደረቡ። ዶዮ የቤታችንን ብርድ ልብስ ሳይቀር ወሰደ።

«እኛስ?» ስለው፣

«እኛ አንሰነጠቅም፣ አንቺ ጉያቱ» አለኝ።

በማግስቱ ምሳ ይዤለት ስሄድ፣ ጎረቤታችን ኦብሴ አህያዋ ላይ ጀሪካን ጭና፣ ሴቶች አስከትላ ደርሳለች። ነፋስ የልብሱን አንድ ጥግ ገልጦት ከሥሩ እንፋሎት ይወጣል።

«አካም፣ እንዴት ነህ ዶዮ! ይኼ ነገር እየነደደ እናንተ ቆማችሁ ታያላችሁ?» ብላ ጀሪካኑን ከፈተች። በእኛ አገር ከጉድጓድ ውሃ ቀድቶ የሚመለስ ሰው የተጠማ አይቶ አያልፍም። የመጣችውም ለመርዳት ነው።

ዶዮ እጁን ዘርግቶ ፊቷ ቆመ። ሲደነግጥ ቃል ይጠፋው ነበር፤ ያን ቀን አልጠፋውም።

«ተዪ ኦብሴ! አራስ ናት!»

«ማ?»

«ይህቺ» አለ ወደ መሠረቱ እያመለከተ። «ትናንት ነው የተገላገለችው። አንቺ አራስ በቀዝቃዛ ውሃ ታጥቢያለሽ?»

ኦብሴ ጀሪካኑን ከደነች። «ታዲያ ምነው ነፋስ ታስመቷታላችሁ!» ብላ ተቆጣችና የተገለጠውን ጥግ ራሷ ሸፈነች። ሴቶቹ ከየቤታቸው ሰሌን አመጡ። አንዷ «ገንፎው የታል?» ስትል ሁሉም ሳቀ። ከዚያ በኋላ ያንን ልብስ የሚነካ አልተገኘም፤ የሚጠጋውን ሁሉ ሴቶቹ ይቆጡት ነበር።

ቤተልሄም ኮንክሪቱ ውስጥ በቀበረችው ቱቦ ቴርሞሜትር እየከተተች ሙቀቱን ትለካለች። እየወረደ ሲሄድ ልብሱን አንድ በአንድ አስነሳች። የመጨረሻው ጆንያ ሲነሳ ዶዮ ማየት አልቻለም፤ ፊቱን አዙሮ ቆመ። እሷ ጎንበስ ብላ በእጇ እየዳበሰች ዞረችው።

«ጋሽ ዶዮ፣ ይምጡ ይዩት።»

«እዚሁ ንገሪኝ።»

«ፀጉር የምታህል ስንጥቅ የለበትም።»

 ዶዮ ያን ማታ ራቱን ጨርሶ ጨምሪልኝ አለኝ።

ዶዮ ካረፈ ዓመት ሊሆነው ነው። ጄኔሬተሩ እዚያው ቆሞ ይሠራል። ብርድ ልብሱን ስንቴ አጥቤዋለሁ፤ ጠርዙ ላይ የያዘው ሲሚንቶ አልለቀቀም። እለብሰዋለሁ፤ ይሞቃል።