ባለ አንድ ወንበሯ መኪና

ከሰኔ ማብቂያ ጀምሮ የምንበላበት ጠረጴዛ ግማሹ የእኛ አይደለም። የልጅ ልጄ ሣራ ዩኒቨርሲቲዋ ለክረምት ሲዘጋ፣ አጎቷ ከባሕር ማዶ የላከላትን ትልቅ ካርቶን ተሸክማ ደብረ ማርቆስ ገባች። በውስጡ በቁርጥራጭ የታሸገ የጥንት መኪና ነበር፤ ተገጣጥሞ ሲያልቅ ክንድ ያህላል። እሷ እያንዳንዱን ክፍል ቆርጣ፣ ጠርዙን በሞረድ አለስልሳ፣ በቀጭን ብሩሽ ትቀባለች። እኔም ከዳዊቴ ቀና እያልሁ አያታለሁ።

ትናንት ከሰዓት በኋላ በረዶ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ ከሹፌሩ ጎን የሚገባውን ወንበር በወረንጦ ይዛ ማጣበቂያ ልትቀባው ስትል፣ ሳላስበው «ቆዪ!» ብዬ ጮኽሁ።

«ምነው አባባ? አስደነገጡኝ እኮ!»

«እሱን እንኳ በሰም አድርጊው።»

ሣራ ሳቀች። «በሰም? መኪና ነው እኮ አባባ፣ ጧፍ አይደለም!»

እኔ ግን አልሳቅሁም። ልቤ ከእሷ ጠረጴዛ ርቆ፣ ከብዙ ክረምት በፊት ከአንድ ዋንዛ ሥር ቆሞ ነበር።

ያን ጊዜ ገና ጎረምሳ ነበርሁ። ከዘመናዊው ትምህርት ቤት ስመለስ ከየኔታ ዘንድ እውል ነበር፤ ቅኔውን ገፋ አድርጌ የቁም ጽሕፈት ጀምሬአለሁ። አባቴ በሕፃንነቴ ስላረፈ ያሳደገኝ የእናቴ ወንድም ጋሼ ደምሴ ነው። ጋሼ ደምሴ የአንድ ነጋዴ አሮጌ መኪና ይነዳ ነበር፤ ጣሪያዋ ሸራ፣ የጭቃ መከላከያዋ እንደ ዝሆን ጆሮ የተዘረጋ፣ ፍሬኗም በዘይት ሳይሆን በብረት ዘንግ የሚጎተት።

በግንቦት ከደጀን ወደ ዓባይ ሲወርድ ያ ዘንግ ከፔዳሉ የሚያያዝበት ፒን ተሰበረ። በግራ በኩል ገደል፣ በቀኝ በኩል ደግሞ የተራራው ዓለት ነበር። ጋሼ ደምሴ መሪውን ወደ ዓለቱ ጠመዘዘ። እሱ ከትከሻው ስብራት በቀር ተረፈ፤ በቀኙ የተቀመጠው አዱኛ የሚባል የይጁቤ ወጣት ግን እዚያው ሞተ።

ፍርድ ቤት የመኪናዋ ብልሽት ነው ብሎ አጎቴን በነፃ አሰናበተው። የሟች ወገን ግን አልተቀበለም። የአዱኛ ታላቅ ወንድም ዘለቀ፣ «ራሱን አድኖ ወንድሜን ለድንጋይ ሰጠው፤ ፍሬን የሚሉት ማሳበቢያ ነው» ብሎ ጠመንጃውን ወልውሎ ተቀመጠ። ጋሼ ደምሴ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ገብቶ ተማጠነ። እናቴ ስንቁን ይዛ በሄደች ቁጥር፣ እስክትመለስ ድረስ እህል በአፌ አይዞርም ነበር፤ የተኩስ ድምፅ የሚመጣ እየመሰለኝ።

አበው ደም ተሸክሞ ወደ አዲስ ዓመት መሻገርን አይወዱምና፣ የኔታና ሌሎች ሽማግሌዎች ለእርቅ ተነሡ። የሟች አባት አቶ ተሻለ ገበሬ ናቸው፤ ንግግራቸው አጭር ነበር። «ፍሬን የሚሉትን አላውቀውም። ያላየሁትን አላምን፤ ያላመንሁትንም ይቅር አልል» አሉ። የሚታይ ነገር ደግሞ አልነበረም፤ መኪናዋ ተቆራርጣ ለብረት ተሸጣለች።

እኔ ዘንድ ግን አንድ ካርቶን ነበር። አገሩን ለቆ የሄደ የውጭ አገር መምህራችን፣ የመጻሕፍት ጽሕፈቴን አይቶ «እጅህ ለዚህ ይሆናል» ብሎ የተወልኝ፤ እንደ ሣራ ካርቶን ያለ። በክዳኑ ላይ የተሣለው መኪና የጋሼ ደምሴን መኪና እንደ ወንድም ይመስላት ነበር።

ያን ሠርቼ የፍሬኑን ነገር ለሟች ወገን ላሳይ ማሰቤን ለየኔታ ነገርኋቸው። እሳቸውም «ጨዋታ እንዳይመስልባቸው ፍራ» አሉኝ። «ከልክለውኛል?» ብላቸው፣ «ፍራ ነው ያልሁህ፤ ተው አላልሁህም» አሉ።

ፍልሰታን ሙሉ ከጎጆዬ ስሠራ ከረምሁ። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ነበር፤ ጣቶቼ ደርቀው እንዲቆዩ ከምድጃው አልርቅም። ጾሙን የምፈታው በሽምብራ ቆሎና በበሶ ነው፤ የቆሎው ገለባ ከመኪናዋ ጥቃቅን ክፍሎች ጋር እየተቀላቀለ ያስቸግረኝ ነበር። ጓደኞቼ በበሩ ሲያልፉ፣ «መሪጌታ ሹፌር! እስከ ደምበጫ ስንት ታስከፍላለህ?» ይሉኛል። እኔ አልመልስም፤ የማጣበቂያውን ቱቦ ከጫፉ እየጠቀለልሁ እጨምቃለሁ።

ካርቶኑ ውስጥ ያለችው መኪና ከሆዷ በታች ፍሬን አልነበራትም፤ ለዓይን የሚሆን መስመር ብቻ ነበር የተበጀላት። ስለዚህ ከጋሼ ደምሴ ዘንድ ሄጄ ተማርሁ። በጨርቅ የታሰረ ትከሻውን ደግፎ፣ በግራ እጁ አመድ ላይ በስንጥር ሣለልኝ።

«ይኸ ፔዳሉ፣ ይኸ ዘንጉ። ፒኗ እዚህ ናት፤ ከጤፍ ፍሬ ብትበልጥ ነው።»

«እንዲህ ባለች ነገር ነው ሰው የሚኖረው?»

«አንተስ በምን የምትኖር መሰለህ?» አለና ሊስቅ ሞከረ፤ ትከሻው አሳመመው።

ዘንጉን ከተሰበረ ጃንጥላ ሽቦ፣ ፒኗን ከመርፌ ስባሪ፣ የጎማ መያዣውን ከቆዳ ቁራጭ አበጀሁ። ወንበሮቹንም ለመጽሐፍ ሽፋን ከሚተርፈው የፍየል ቆዳ አልብሼ በክር ሰፋኋቸው። የሹፌሩን ወንበር ካስቀመጥሁ በኋላ ማጣበቂያው አለቀ። የሁለተኛውን ወንበር በጧፍ ሰም አያያዝሁት። በመጨረሻም ሁሉም ዓይን ዘንጉን ይለይ ዘንድ በቀይ ቀለም ቀባሁት፤ በመጽሐፋችን የከበረው ስም በቀይ ይጻፍ የለም? እኔም ጸሐፊ ነኝና ሌላ አልታሰበኝም።

የእርቁ ቀን ዝናቡ ጋብ ብሎ፣ ከቅጥሩ አጠገብ ካለው ዋንዛ ሥር ተሰበሰብን። የሟች ወገን በአንድ በኩል፣ እኛ በሌላው፣ ሽማግሌዎች በመካከል። ጋሼ ደምሴ እንደ ሥርዓቱ ድንጋይ ተሸክሞ፣ ፊቱን ወደ ምድር አዘንብሎ ራቅ ብሎ ቆሟል፤ ትከሻው ገና አልዳነም ነበር። ዘለቀ ጠመንጃውን አልተወም፤ ከጉልበቱ ላይ አጋድሞታል።

መኪናዋን ከነጠላዬ ገልጬ፣ ሆዷ እንዲታይ ገለበጥኋት። ዘለቀ ከተቀመጠበት ተነሣ።

«ምንድን ነው ይኸ ቀይ? የወንድሜን ደም በመጫወቻ ላይ ቀብታችሁ ልታሳዩን ነው የጠራችሁን?»

 በሁለቱም በኩል ሰው ተነሣ። የኔታ መቋሚያቸውን በመካከል ተክለው፣ «ልጄ ዘለቀ፣ ይኸ ልጅ የሚያውቀው ቀይ የመጽሐፍ ቀይ ነው፤ ይታገሡለት» አሉ። ዘለቀን አንቱ ማለታቸው ይመስለኛል ያስቀመጠው።

መኪናዋን በዘቅዛቃ ድንጋይ ላይ አቆምኋት። ፔዳሏን በወስፌ ጫፍ ስጫናት ዘንጉ ተስቦ ጎማዎቹን ያዘ፤ አልተንቀሳቀሰችም። ፒኗን ነቅዬ እንደገና ተጫንሁ። ፔዳሏ ወረደች፣ ዘንጉ ግን አልሄደም፤ መኪናዋ መንከባለል ስትጀምር በእጄ ቀለብኋት። አቶ ተሻለ አንገታቸውን አስግገው፣ «ድገመው» አሉ። ደገምሁት።

«ወደ ግራ አዙራት» አለ ዘለቀ።

የፊት ጎማዎቹን ወደ ግራ አዙሬ ለቀቅኋት። ከድንጋዩ ጫፍ አልፋ ሣሩ ላይ ወደቀች፤ አንዱ መብራቷ ተሰበረ። 

«ወደ ቀኝስ?» አለ ዘለቀ፤ ድምፁ ዝቅ ብሎ ነበር፤ ከጩኸቱ ይልቅ ያ አስፈራኝ። «ወደ ቀኝ ስትዞር ዓለቱ የሚያገኘው ማንን ነው? በል፣ ይኸንንም አሳየን!»

 ስለ ፍሬን ያለውን ሁሉ ሠርቻለሁ፤ የጠየቀኝ ግን ስለ ፍሬን አልነበረም። ያን ጊዜ ጋሼ ደምሴ ከነድንጋዩ ተናገረ።

«ወንድምህን ነው የሚያገኘው። መሪውን ሳዞር በማን በኩል እንደሚመታ አላሰብሁም። ግን አልዋሽህም ዘለቀ፤ ባስብም ያንኑ አደርግ ነበር። በግራ ለሁለታችንም ሞት ነበር፤ በቀኝ ምናልባት እንተርፍ ይሆናል ብዬ ነው። ምናልባቱ ለእኔ ብቻ ሆነ።»

የዘለቀ እጅ ወደ ጠመንጃው ሰደፍ ሄደ። እናቴ ከኋላዬ «ወላዲተ አምላክ!» ስትል ሰማኋት።

አቶ ተሻለ ግን ወደ ማንም ሳያዩ ተነሥተው መኪናዋን ከሣሩ አነሡ። በደረቀ አውራ ጣታቸው ቆዳውን ዳበሱ።

«ልጄ የተቀመጠው እዚህ ነው?»

«አዎን አባቴ።»

«ስፌቱስ የማን ነው?»

«የእኔ ነው።»

ወንበሩን ያዝ ሲያደርጉት ሰሙ ለቀቀና በመዳፋቸው ቀረ። የሰበሩት መስሏቸው ደነገጡ፤ ሊመልሱት ሞከሩ። «ይያዙት» አልኋቸው። ለጥቂት ጊዜ ሲያዩት ቆዩ፤ ከዚያ ከጋቢያቸው ጫፍ ቋጠሩት፤ ዘር የሚቋጥር ሰው እንደሚያደርገው። መኪናዋን መለሱልኝና ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«ዘለቀ፣ ድንጋዩን አውርድለት።»

ዘለቀ ቆመ። የቆመበት ጊዜ ረዘመብን። ከዚያ ጠመንጃውን ዋንዛው ላይ አስደግፎ ሄደ፤ ድንጋዩንም ከታመመው ትከሻ ላይ፣ እንዳያሳምመው በሁለት እጁ ደግፎ አነሣው።

አቶ ተሻለ ካረፉ ብዙ ዘመን ሆነ። ለተዝካራቸው ይጁቤ ሄጄ ከዘለቀ ጋር በአንድ ማዕድ ተቀመጥሁ፤ ስለ ወንበሩ እሱም አላነሣ፣ እኔም አልጠየቅሁ። አንዳንድ ጊዜ ከጸሎት በኋላ የማስበው አለ። ሰው ስለ እውነት ብዙ ይደክማል፤ እኔም ዘንጉንና ፒኗን ሳበጅ ከረምሁ። ማጣበቂያው ግን ባያልቅብኝ ኖሮ፣ ያ አባት ከዚያ ሸንጎ ምን ይዞ ይመለስ ነበር? መጉደሉንም እግዚአብሔር ባወቀ አደረገው እላለሁ።

ትናንት ይህን ለሣራ ነግሬአት ስጨርስ በረዶው ቆሞ ነበር። ከመጻሕፍት ሣጥኔ ሥር ያቺን መኪና አውጥቼ ከእሷ አዲስ መኪና አጠገብ አኖርሁ፤ ሸራዋ ብል የበላው፣ አንድ መብራት የጎደላት፣ ከሆዷ በታች ቀይ መስመር ያላት። ሣራ በሹፌሩ ወንበር ጎን ያለውን ባዶ ቦታ በጣቷ ጫፍ ነካች፤ ከሥሩ የደረቀ ሰም አለ።

የማጣበቂያዋን ክዳን ገጥማ ወደ ጎን አደረገችው።

«አባባ፣ ጧፍዎን የት ነው የሚያስቀምጡት?» አለችኝ።