እጀታው የተቀየረ ሃያ ኪሎ

ሁለት ሺህ አሥራ አምስት ዓመተ ምሕረት ነበር፤ እኔም ሰባ አንድ ዓመቴ። አቃቂ በሰቃ፣ ከድሮው ባቡር ሐዲድ ዝቅ ብሎ፣ ሚዛን የምጠግንባት የቆርቆሮ ቤት አለችኝ። አርባ ዓመት ሠርቼባታለሁ። የተማርኩት እስከ ሦስተኛ ክፍል ነው፤ የምጽፈውም እንደማወራው ነው። በቁጥር ግን ማንም አያታልለኝም።

ግንቦት ላይ፣ አንድ ማክሰኞ፣ ቱታ የለበሰች ልጅ በፒካፕ መጣች። ሁለት ወዛደሮች ትልቁን ሚዛን፣ ጆንያ የሚጫንበትን፣ ባስኩላ የምንለውን አወረዱላት። የወፍጮ ቤት መስሎኝ ስንት ኩንታል ነው የምትመዝኑበት አልኳት።

«የአውሮፕላን ነው አባባ» አለች።

ሳቄ መጣ። አውሮፕላን በምኑ ይወጣበታል? እሷም ሳቀችና አስረዳችኝ። አሥራ ሁለት ሰው የምትይዝ ትንሽ አውሮፕላን አለቻቸው፤ ወደ ገጠር ሰውና መድኃኒት ታመላልሳለች። እሷ የጭነቱን ልክ የምትይዝ ሠራተኛ ናት። በትልልቆቹ አውሮፕላኖች የሚመዘነው ሻንጣ ነው፤ በእነሱ ግን ሰውየውም ከነጫማው ሚዛን ላይ ይወጣል።

«ሴቶቹ እሺ ይላሉ?» አልኳት።

«ሴቶቹ ዝም ብለው ይወጣሉ። የሚያስቸግሩት ወንዶቹ ናቸው፤ ቦርጫቸውን ወደ ውስጥ ስበው ነው የሚቆሙት። የሚቀንስ ይመስላቸዋል።»

ሚዛኑን እየፈታሁ፣ ትንሽ ኪሎ ቢበዛስ ምን ይመጣል ብዬ ጠየቅኋት። ከመሬት ቁራጭ ቆርቆሮ አነሳችና መዳፏ ላይ አድርጋ አሳየችኝ። አውሮፕላንን አራት ኃይል ይዟታል አለች። ክብደቷ ወደ ታች ይስባታል፤ ክንፏ አየሩን ተደግፎ ወደ ላይ ያነሳታል፤ ሞተሯ ወደ ፊት ይጎትታታል፤ አየሩ ደግሞ ወደ ኋላ ይይዛታል። ክብደቱ ሲጨምር ክንፉ የበለጠ ማንሳት አለበት። ለዚያ ፍጥነት ይፈልጋል፤ ለፍጥነቱ ደግሞ ረጅም መንደርደሪያ። እነሱ የሚያርፉበትና የሚነሱበት የገጠር ሜዳ አጭር ነው፤ ጫፉ ገደል ነው። የእኛም አገር ከፍታ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ ክንፉ የሚደገፈው ነገር ያንሰዋል። ይህን ብላ ቆርቆሮዋን ለቀቀቻት፤ መሬት ላይ ዱብ አለች።

ከአራቱ እኔ የማውቀው ወደ ታች የሚስበውን ብቻ ነው አልኳት።

«እሱን በደንብ ካወቁልን ይበቃናል» አለች።

ያለቀውን ቀይሬ፣ ሃያ ኪሎዬን አምጥቼ ባስኩላው ላይ ጫንኩ። ብረት ቢሆንም እኛ የሚዛን ድንጋይ ነው የምንለው። ቁጥሩ ልክ ሃያ ላይ እስኪቆም ድረስ ብሎኑን አላላሁ፣ አጠበቅሁ። ልጅቷ ጎንበስ ብላ ድንጋዩን ዞራ አየችው።

«አባባ፣ ይሄ ተመርምሯል?»

ድንጋይ የሚመረምርና ማኅተም የሚመታ መሥሪያ ቤት አለ። በየዓመቱ መሄድ ነበረብኝ፤ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አልሄድኩም። ትናንት የተቀጠረ ልጅ እኔን ሊያርመኝ ነው እያልኩ ነው የቀረሁት።

«ልጄ፣ ይሄ ድንጋይ በዕድሜ ይበልጥሻል» አልኳት። «እሱን የሚመረምር ገና አልተወለደም።»

ቀና አለች። ሐሙስ ጠዋት እንነሳለን፣ የሚሉኝ ነገር ካለ ይደውሉልኝ ብላ የስልኳን ቁጥር የቤቴ በር ላይ በጠመኔ ጻፈችና ሚዛኗን ጭና ሄደች።

በማግስቱ፣ ረቡዕ ቀትር ላይ፣ ወፍጮ ቤት ያለው ወሎዬ ጎረቤቴ መጣ። አዲስ ሃያ ኪሎ ገዝቶ፣ አስመርምሮ፣ ማኅተም አስመትቶ፣ ሊያሳየኝ ነው። «ና እስቲ፣ ያንተን ሽማግሌ ከእኔ ሙሽራ ጋር እናጋጥመው» አለኝ። ባለ ሁለት ክንዱን ሚዛን አውርደን አንዱን በአንድ ወገን፣ ሌላውን በሌላ ወገን አስቀመጥን።

የእኔ ወረደ።

በጨርቅ ጠረግሁት። ቦታ አቀያየርናቸው። አሁንም የእኔ ወረደ። በእሱ በኩል ትንንሾቹን ድንጋዮች እየጨመርኩ ብሄድ፣ እኩል የመጣው አራት መቶ ግራም ላይ ነው።

«ሽማግሌህ ጠግቧል» አለ ጎረቤቴ።

አልሳቅሁም። ዓይኔ እጀታው ላይ ወድቋል። ከሦስት ዓመት በፊት የድሮው እጀታ ተሰበረና እዚሁ ሰፈር ያለ በያጅ ወፍራም ፌሮ አጥፎ በየደልኝ። እንዳይሰበር አወፍረው ያልኩት እኔ ነኝ። እጀታም ይመዝናል ብዬ አላሰብኩም፤ እኔ፣ አርባ ዓመት ሚዛን የጠገንኩት ሰው። የሌሎቹ ድንጋዮች እጀታ እጅ ስለሚቆርጥ ደግሞ ሁልጊዜ የማነሳው ይሄንኑ ነው። እነሱም ቢሆኑ ማኅተም ካዩ አሥራ አንድ ዓመታቸው ነው።

ጎረቤቴ ሲሄድ አሰላሁት። በእኔ ድንጋይ የተስተካከለ ባስኩላ ሃያ ከአራት መቶ ተሸክሞ ሃያ ነው የሚለው። አንድ ሺህ ኪሎ ሲጫን ወረቀቱ የማያውቀው ሃያ ኪሎ ይገባል።

ቁጭ አልኩ፤ ተነሳሁ። የጠረግሁትን ቤት ደግሜ ጠረግሁ። ወደ ቦሌ የሚያርፉት አውሮፕላኖች በእኛ በላይ ዝቅ ብለው ነው የሚያልፉት፤ ከለመድኩት ብዙ ዘመኔ ነው፣ አልሰማቸውም ነበር። ያን ቀን አንዱም አላመለጠኝም። ባለፉ ቁጥር ወጥቼ አንጋጥጣለሁ። ሃያ ኪሎ ምን አላት፣ አንዲት ፍየል ናት፣ አውሮፕላን ፍየል አይከብዳትም እላለሁ። ተመልሼ ስገባ ያቺ ቁራጭ ቆርቆሮ ከወደቀችበት አለች። በሩ ጋ ሄጄ የስልኩን ቁጥር አየዋለሁ፤ እመለሳለሁ። ብደውል ምን ልላት ነው? የሚመረምረው አልተወለደም ያልኩት ድንጋይ በአንድ ቀኑ ጉድ አደረገኝ ልበላት?

ባለቤቴ ምሳ ይዛ መጣች። ምን እንደሆንኩ ጠይቃ እስክታስወጣኝ ድረስ አልተወችኝም። ነገርኳት። ቆርሼ መልሼ አስቀመጥሁ።

«ወይ ደውል፣ ወይ ብላ» አለች። «እንጀራው ምን አደረገህ?»

ደወልኩ። ከነእጀታው፣ ከነአሥራ አንድ ዓመቱ ነገርኳት።

«አራት መቶ ግራም? ከሃያው?»

«ከሃያው።»

ቁጥር እያነሳች ስታሰላ ይሰማኛል። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ሌላ ሚዛን እንደሌላቸው፣ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ጭነት እንደሚጀምሩ ነገረችኝ። ከዚያ፣ «ትክክለኛ ድንጋይ አለዎት?» አለች።

«የለኝም» አልኩ። በዕድሜዬ ለደንበኛ እንዲህ ብዬ አላውቅም። «ግን ይዤ እመጣለሁ።»

ጎረቤቴ ጋ ሄድኩ። ሙሽራዬን ገና ሳልጠግባት ልትወስዳት ነው ብሎ ተሳለቀብኝ። ነገሩን ሲሰማ ግን ሌላ ሳይጨምር በጆንያ ጠቀለለልኝ። በር ድረስ ሸኝቶኝ ብቻ፣ «እጀታውን እንዳታስቀይር» አለኝ።

በማግስቱ ጠዋት ሃያ ኪሎውን ጭኔ ላይ አድርጌ በመጀመሪያው ታክሲ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ሄድኩ። ልጅቷ በሩ ላይ ጠብቃ አስገባችኝ። ባስኩላው ሲሚንቶው ላይ ተቀምጧል። ተሳፋሪዎቹ አጠገቡ ተሰልፈው ይጠብቃሉ፤ ከፊት ያለው ሰውዬ ቦርጩን ከወዲሁ ስቦ ይዟል። ተንበርክኬ የጎረቤቴን ድንጋይ ጫንኩ። አሥራ ዘጠኝ ከስድስት መቶ አለ። ሁሉም አዩት፤ አላፈገፈግሁም። መፍቻዬን አውጥቼ፣ ሃያ ላይ ቀጥ እስኪል ድረስ አስተካከልኩት፤ አንስቼ ደግሜ ጫንኩት፤ ሃያ።

ልጅቷ አጠገቤ ቁጢጥ አለች።

«ይሄኛውስ ተመርምሯል አባባ?»

ድንጋዩን አዙሬ ማኅተሙን አሳየኋት።