የሐጂ ዑመር ነጫጭ ድመቶች

ባለፈው ሳምንት የእንስሳት ሕክምና የምትማረው የልጅ ልጄ ሐናን ሁለት ተመራማሪዎች ይዛ ሳቢያን ሰፈር ቤታችን መጣች። ድመታችንን አስይዘውኝ የጉንጯን ውስጥ በጥጥ ጠረጉ። በቤት እንስሳት ዘር የሚወርድ በሽታ ነው የሚያጠኑት። እኔ ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ ዘረመል የሚሉት ነገር ብዙም አይገባኝም። ግን «ዓይናቸው ሰማያዊ ከሆነ ነጫጭ ድመቶች ብዙዎቹ ከተወለዱ ጀምሮ አይሰሙም» ሲሉ ከመቀመጫዬ ልነሳ ምንም አልቀረኝ።

በወጣትነቴ ቀፊራ ገበያ ጋሪ እነዳ ነበር። እኔም ፈረሴም የምንበላው የእህል ነጋዴውን የሐጂ ዑመርን ማሽላ አመላልሰን ነው። ሐጂ እህላቸውን ከአይጥ የሚጠብቁ ድመቶች ነበሯቸው። ነጭ ድመት ለሱቅ በረካ ናት ይሉና፣ በተወለደ ቁጥር ነጩን አስቀርተው ሌላውን ለጎረቤት ይሰጣሉ።

የማንጎ ወቅት ነበር፤ ገበያው በሙሉ ማንጎ ማንጎ ይሸታል። አንዷ ነጭ መንገድ መሃል ተኝታለች። ቃጭሌን ደወልኩ፣ ጮህኩ፤ ንቅንቅ የለም። ፈረሱን ብይዘውም ጎማው የኋላ እግሯን ነካት።

ሐጂ ከሱቅ ዘለው ወጡ። «ዋሪያ! ቃጭሉ ለጌጥ ነው? ከዛሬ ጀምሮ እህሌን እንዳትጭን!»

«ወላሂ ሐጂ፣ ደውያለሁ።»

«ታዲያ ድመቷ ናቀችህ?»

ሰው ሳቀ። እንጀራዬን ማጣቴ አንድ ነገር ነው፤ ውሸታም መባሉ ግን እህል አላስበላ አለኝ።

በነጋታው ባዶ የዘይት ቆርቆሮ ይዤ ሱቃቸው ሄድኩ። ድመቶቹ የሥጋ ትርፍራፊ ከበው ይበላሉ፤ የጎረቤት ግራጫም መሃላቸው ገብታለች። ከኋላቸው ሆኜ ቆርቆሮውን ድንጋይ ላይ ለቀቅኩት። ግራጫዋ አጥር ዘለለች። ሐጂ «ቢስሚላህ!» ብለው ተነሱ። ሦስቱ ነጫጮች ግን ቀና እንኳን ሳይሉ መብላታቸውን ቀጠሉ።

ሐጂ ራሳቸው ቆርቆሮውን አንስተው ደግመው መቱት። ከዚያ ቀስ ብለው ጆንያ ላይ ተቀመጡ። «እኔ እኮ ነኝ መርጬ ያስቀረኋቸው» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «ምን ትገተራለህ አቦ፣ ጫን!»

የዚያች ድመት እግር ዳነ፤ ትንሽ ታነክስ ነበር እንጂ። እኔም ሱቃቸው ፊት ስደርስ ከጋሪው ወርጄ ፈረሴን በእጄ እየመራሁ አልፍ ጀመር።

ይህን ስነግራቸው አንደኛው ተመራማሪ በማስታወሻው ጻፈው። ሐናን ግን ሌላ ነገር ነው የጠየቀችኝ።

«አባባ፣ ሐጂ ይቅርታ አሉህ?»

አላሉኝም። ግን ከዚያ በኋላ የቃጭሌን ድምፅ ሲሰሙ ሥራቸውን ትተው ይወጡና መንገድ ላይ የተኛችውን አንስተው ያቅፏት ነበር። እስካልፍ ድረስ እንዳቀፏት ይቆሙ ነበር። እኔ ከዚህ የበለጠ ይቅርታ አላውቅም።