ማን ልበል?

በመሥሪያ ቤታችን «እትዬ መስመር» ነበር የምንላት። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ስልከኛ ነበረች፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ከደረጃው ሥር ባለችው ጠባብ ክፍል ተቀምጣ፣ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አድርጋ፣ የውጪውን ሰው ከውስጡ ስታገናኝ የኖረች። እኔ አሥራ አንዱን ዓመት ከጎኗ ተቀምጫለሁና ስለ እሷ ለመጻፍ ከእኔ የተሻለ ሰው የለም። ልጇ እንኳ እናቷን የምታውቃት ከሥራ ሰዓት ውጪ ነው።

ያኔ ስልክ ሲጠራ ማን እንደሆነ አስቀድሞ የሚያውቅ አልነበረም። አለቃም ይደውል ተላላኪ፣ ጩኸቱ ያው ነው። እትዬ ገመዷን ትሰካና ያን ለስለስ ያለ ድምጿን አውጥታ «ሃሎ፣ ማን ልበል?» ትላለች። የምትጠይቀው ግን ለይስሙላ ነበር። የመካኒኮቹን አለቃ በአተነፋፈሱ፣ የመጋዘኑን ኃላፊ በጉሮሮ ጠረጋው ታውቃቸዋለች። አንድ ጠዋት የመጋዘኑ ኃላፊ ሲደውል መናገሪያውን በእጇ ከድና «ሰውዬው ዛሬ ከሚስቱ ጋር ተጣልቷል፤ ከግዢ ክፍል ጋር አሁን ባገናኘው ደም ይፋሰሳሉ» ብላ በሳቅ ገደለችኝ።

የምትወደው ጥሪ ግን የታናሽ ወንድሟን ነበር። የሀገር አቋራጭ አውቶብስ ሹፌር ነው። በደረሰበት ሁሉ ከመናኸሪያው ስልክ ይደውልና ድምፁን አጎርንኖ «ዋና ሥራ አስኪያጁን ያገናኙኝ» ይላል። እሷም ሳቋን ውጣ «መስመሩ ተይዟል፤ ይጠብቃሉ ወይስ ቆይተው ይደውላሉ?» ትለዋለች። «እጠብቃለሁ» ይላል። በቃ፣ በሰላም ገብቻለሁ ማለቱ ነው።

ነገሩ የተበላሸው ጡረታ በወጣች ቀን ነው። በሽኝቱ ላይ ወንድምየው ብድግ ብሎ «እህቴ ሠላሳ አንድ ዓመት ሽቦ ስትሰካ፣ ሽቦ ስትነቅል ኖረች። ዶሮም ብትለማመድ አያቅታትም» አለ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እሷ ኬኩን ልትቆርስበት የያዘችውን ቢላ አስቀምጣ ወጣች።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ዓመት ቃል አልተነፈሰችለትም። እሱ በየቅዳሜው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይደውላል። እሷ ደግሞ በአዲሱ ስልኳ ላይ ስሙን «አታንሺ» ብላ መዝግባዋለች። ስልኩ ሲጮህ ስክሪኑ «አታንሺ» ይላታል፣ እሷም ትታዘዛለች። እስኪያበቃ ድረስ ዓይኗን ሳትነቅል ታየዋለች፤ ከዚያ በኋላ የቀረበላት ሻይ ሳይነካ ይቀዘቅዛል። የቀራት ወንድም እሱ ብቻ ነው። ልጇም እኔም ለምነን ለምነን ደከመን። «ዶሮ ስልክ አታነሳም» ትለናለች።

ባለፈው ወር የዓይን ሞራዋን ተገፈፈች። ሐኪሙም «ለአሥራ አምስት ቀን ስልክም ቴሌቪዥንም እንዳያዩ» አላት። ልጇ አስተማሪ ናት፤ የሰው ቃል አታምንም። ቴሌቪዥኑን በአንሶላ ሸፈነችው። የስልኩንም ስክሪን ከታች ለማንሳትና ለመዝጋት ጣት የሚያልፍበት ያህል ትታ በፕላስተር ለጠፈችው።

ቅዳሜ ልጠይቃት ስሄድ እንደታሰረ ሰው ስትቁነጠነጥ አገኘኋት። ስልኩ ጮኸ። ልታይ አነሳችው፣ ፕላስተር።

«ማነው?» አለችኝ።

«እኔ በምን አውቄ? እንደ ድሮው ጠይቂያ።»

ወገቧን አቃናች። «ሃሎ፣ ማን ልበል?»

ያው ድምፅ ነው። ከደረጃው ሥር ያለችው ክፍላችን፣ የሞቀ አቧራ ሽታዋ ሳይቀር ተመልሳ መጣችብኝ። የደወለችው የድሮ ጎረቤት ነበረች። ከዚያ በኋላማ ጨዋታ ሆነልን፤ የስልኩ ድምፅ ከፍ ያለ ስለሆነ ለእኔም ይሰማኛል፤ ዓይኗን ሊጠይቅ የሚደውለው ብዙ ነው፣ እሷ በድምፁ ትለያለች፣ እኔ አጨበጭባለሁ። አንዱን ገና «ሃ» ሲል «ጉንፋኑ አልለቀቀህም እንዴ?» አለችው።

በጨዋታው ተወስዳ ሰዓቱን ረሳችው። እኔ አልረሳሁም። ልክ ዘጠኝ ሲሆን ስልኩ ጮኸ። ልንገራት ወይስ ልተው? አፌን በሻይ ሞላሁት።

«ሃሎ፣ ማን ልበል?»

ከስልኩ የሚሰማው ትንፋሽ ብቻ ነው። እንዳወቀችው ፊቷ ላይ አየሁ። ጣቷ ልትዘጋው ወደ ታች ሄደ።

«ዋና ሥራ አስኪያጁን ያገናኙኝ» አለ አንድ ያረጀ ድምፅ፣ ለማጎርነን እየሞከረ።

ጣቷ ቆመ። «መስመሩ ተይዟል» አለች። እኔ ሻዩን አልዋጥኩትም። «ይጠብቃሉ... ወይስ ቆይተው ይደውላሉ?»

«እጠብቃለሁ። ሦስት ዓመት ጠብቄ የለም እንዴ፣ እትዬ? ዶሮው እኔ ነኝ።»

«ዶሮማ ሳይመሽ ይገባል» አለችው። «አንተ የት ቆይተህ ነው? ደግሞ እንዳታስለቅሰኝ፣ ዓይኔን ተሠርቻለሁ።»

አሥራ አምስቱ ቀን አልቆ ፕላስተሩ ሲላጥ እኔም ነበርኩ። እትዬ ስልኩን ሰጠችኝና «ያን ‹አታንሺ› የሚለውን አጥፊልኝ» አለች። አጠፋሁትና ጣቴን ባዶው የስም ቦታ ላይ አድርጌ ጠየቅኳት።

«ማን ልበል?»

«ምንም አትበዪ» አለችኝ። «ሲደውል እኔው እጠይቀዋለሁ።»