ከእናቴ ጀርባ የተቀመጥኩበት ምርመራ

የመጀመሪያው ምልክት የጭስ ማንቂያው ነበር። በውጭ አገር በምንኖርበት ሰፈር፣ ዋይት ሲቲ፣ ያለው ቤታችን ጣሪያ ላይ የተገጠመው ማንቂያ ባትሪው ሲደክም በየደቂቃው ቲት ይላል። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ እናቴ ከሥሩ ተቀምጣ ሽንኩርት ትከትፋለች።

"ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሚጮኸው?" አልኳት።

"ምኑ?" አለችኝ።

ያኔ አሥራ አራት ዓመቴ ነበር፤ አሁን የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። በእነዚህ ዓመታት የሁለቱም ጆሮዎቿ መስማት ቀስ በቀስ ደከመ። የመስሚያ መሣሪያ ተሰጣት፤ ድምፁን ያጎላል እንጂ ቃሉን አያጠራላትም። የምትሠራው አረጋውያን መንከባከቢያ ቤት ነው። የጥሪ ደወል ሁለት ጊዜ ስላመለጣት ወደ ልብስ ማጠቢያ ክፍል አዛወሯት። ቤተ ክርስቲያን ሰው ሲስቅ አይታ ትስቃለች። እኔ አጠገቧ ሆኜ የተባለውን ሁሉ ድምፅ ሳላወጣ በከንፈሬ እደግምላታለሁ። ልማድ ሆኖብኝ ሳላስበው ነበር የማደርገው።

ባለፈው ዓመት ለኮክሊያር ኢምፕላንት ምርመራ ተላክን። ኢምፕላንቱ በቀዶ ጥገና ወደ ውስጠኛው ጆሮ በሚገባ ኤሌክትሮድ በሚባል ቀጭን ሽቦ አማካኝነት ድምፁን በቀጥታ ለመስማት ነርቭ የሚያደርስ መሣሪያ ነው። ለሁሉም ግን አይሰጥም። መጀመሪያ ድምፅ በማያስገባ ክፍል ውስጥ የምትሰማው ድምፅ ተለካ፤ ውጤቱ ኦዲዮግራም ይባላል። ቀጥሎ የመስሚያ መሣሪያዋን እንዳደረገች ከድምፅ ማጉያ የሚወጡ ቃላትን መድገም ነበረባት። ብዙውን ከደገመች ያላት መሣሪያ ይበቃታል ማለት ነው።

እናቴ እንግሊዝኛ ታውቃለች፤ የመስማት ምርመራ ባለሙያዋን፣ ኦዲዮሎጂስቷን፣ ስለማትሰማት ግን መመሪያውን ላስረዳት አብሬ ገባሁና ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ። ኦዲዮሎጂስቷ ዓይኗ ኮምፒውተሩ ላይ ነበር። እናቴ አብዛኛውን ቃል በትክክል ደገመች። ደስ አለኝ።

"ኦዲዮግራሙና የቃላቱ ውጤት አይገናኙም" አለች ኦዲዮሎጂስቷ። "በዚህ ውጤት ግን ኢምፕላንቱ አይፈቀድላቸውም።"

እናቴን አየኋት። ዓይኗ አሁንም ከንፈሬ ላይ ነበር። ያን ጊዜ ገባኝ።

"ይቅርታ" አልኩ። "ቃላቱን በከንፈሬ እየነገርኳት ነበር። አውቄ አይደለም።"

ኦዲዮሎጂስቷ አልተቆጣችም። ወንበሬን አንስታ ከእናቴ ጀርባ አስቀመጠችው። "ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ። በሌላ የቃላት ዝርዝር እንደገና እንሞክራለን።"

የሆነውን ለእናቴ ሳስረዳት ሳቀች። "አንቺ ልጅ! ትምህርት ቤት አንድ ቀን ኮርጀሽ አታውቂ፣ እኔን ማስኮረጅ ጀመርሽ?"

እንደገና ተጀመረ። ቃል ወጣ። ዝም አለች። ሌላ ቃል ወጣ። ዝም አለች። ሦስተኛውን ደገመች። ተሳስታለች። እጄን አፌ ላይ አድርጌ ጀርባዋን አየሁ። ምን ያህል እንደማትሰማ ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

አዲሱ ውጤት ኢምፕላንቱን አስፈቀደላት፤ በሲቲ ስካንና በኤምአርአይም የመስማት ነርቯ ደህና መሆኑ ታየ። ቀዶ ሐኪሙ ግን ሳይሸሽግ "የቀረዎት መስማትም ሊጠፋ ይችላል" አላት። እኔ ፈራሁ። እሷ ወደ እኔ ዞራ "የቀረኝን ከኋላዬ ሆነሽ አየሽው አይደል?" አለችና የፈቃድ ወረቀቱን ፈረመች።

ከቀዶ ጥገናው በኋላ መሣሪያው የተከፈተ ዕለት የሰማችው የሰው ድምፅ ሳይሆን የቆርቆሮ ጫጫታ የመሰለ ነገር ስለነበር አለቀሰች፤ ከዚያ በኋላ ግን በየቀኑ ደብተሬን አፌ ላይ ጋርጄ መጀመሪያ የሰው ስም፣ ቀጥሎ የገበያ ዕቃ፣ በኋላም ሙሉ ዓረፍተ ነገር እያነበብኩላት፣ እሷም እየተሳሳተችና እየተናደደች ስትለማመድ፣ ጫጫታው ከወራት በኋላ ወደ ቃል ተለወጠላት። አሁንም ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ሲያወራ ይደበላለቅባታል።

ወንበሬን ላዞረችው ኦዲዮሎጂስት ምስጋናዬ ትልቅ ነው። እናታችሁን ወይም አባታችሁን ለዚህ ምርመራ የምትወስዱ፣ እባካችሁ እዚያ ክፍል ውስጥ አትርዷቸው፤ ከኋላቸው ተቀመጡ። ሐኪም እንዳያዝን ብለው "እሰማለሁ" ካሉም እውነቱን እናንተ ተናገሩ። የእኔ ዓይነቱ እርዳታ እናቴን ቀዶ ጥገናውን ሊያሳጣት ነበር።

ትናንት ከዩኒቨርሲቲ ፈተና ስመለስ እናቴ ዕቃ እያጠበች ነበር። ልማዴ አልለቀቀኝምና ፊቷን ላገኝ ወደ ዕቃ ማጠቢያው ዞርኩ። በእርጥብ እጇ ገፋ አደረገችኝና ጀርባዋን ሰጠችኝ።

"ከዚያው ሆነሽ ንገሪኝ" አለች። "ፈተናው እንዴት ነበር?"