የአብዱናሲር ደብተርና የቀበሌው ጨው

አብዱናሲር በናዝሬት ገበያ ዳር ያረጀ ኮት እየገለበጠ የሚሰፋ ሰው ነበር። በወጣትነቱ ወሎ ሄዶ ዐረብኛ ተምሯል፤ ፋርስኛውን ደግሞ አንድ የድሬዳዋ ህንድ ነጋዴ በሰጠው መዝገበ ቃላት ለቃቅሟል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በአንድ ወፍራም ደብተር የጻፈው ስለ አንዲት አጭር ቃል ነው፤ ስለ «ዲን»። ቃሏ በዐረብኛ ሃይማኖትም ፍርድም ናት። በጥንቱ ፋርስ ቋንቋ ግን ሰው ውስጡን የሚያይበት ዓይን፣ ኅሊና እንደ ማለት ነበረች። ከየት ወደ የት እንደ ተሻገረች ሊቃውንቱ አልተስማሙም። አብዱናሲር ፍርድ ማለት በሆነው በግዕዙ «ደይን» በኩል መልስ እየፈለገ ነበር።

በ1970 አሰሳ ጊዜ አብዮት ጠባቂዎች ቤቱን በረበሩ። ከአልጋ ሥር አንድ ጆንያ ወረቀት ወጣ። እሱና ጎረቤቶቹ የአላህ ስም ይኖርበታል ብለው የዐረብኛ ፊደል ያለበት ወረቀት አይጥሉም፤ የተቀደደ የሃይማኖት መጽሐፍም ሆነ የሻይ ካርቶን ተጠራቅሞ ሰው በማይረግጠው ቦታ ይቀበራል። ጠባቂዎቹ ግን ያዩት የተደበቀ ሰነድ ነው፤ በምሥራቅም ከሶማሊያ ጋር ጦርነት ነበር። ጆንያውን ከነደብተሩ ወሰዱ፤ እሱንም አሥራ አንድ ቀን አሰሩት።

ሲፈታ ባለቤቱ ዙለይካ አንድ ቅዳጅ ወረቀት ዘረጋችለት። ከቀበሌው ሱቅ ጨው የተጠቀለለበት ነው። በዐረብኛ ፊደል የጻፈው የራሱ የእጅ ጽሑፍ ነበር።

ወረቀቱን ይዞ ወደ ሱቁ ሄደ፤ በወረፋ ተጨናንቋል።

«ባጫ! ደብተሬን ማን ቅደድ አለህ?»

«መጠቅለያ ቢያልቅብን ጠባቂዎቹ የሰጡን ነው፣ ኦቦ አብዱናሲር» አለ ሻጩ። «ደሞ ማን ያነበዋል? ጭረት ነው እኮ።»

«ጭረት? በዕድሜዬ ነው ጨው የምታስረው!»

«ለፍርድ ሸንጎው አቤት ይበሉ» አለች የሺዓለም የምትባል ሴት ከወረፋው፤ «ዳኛው ይኸው፣ የጨው ጥቅላቸውን ይዘው ቆመዋል።»

ሰዉ ሳቀ። ዳኛው አቶ አስፋው ጥቅሉን ወደ ኪሳቸው ሊከቱ ሲሉ አብዱናሲር እጃቸውን ያዘ።

«ይዘርጉት!»

«እኔ የተሰጠኝን ነው የተቀበልኩት፤ ምን አገባኝ?»

«እዚህ ላይ የጻፍኩት ስለ ፍርድ ነው። ዳኛ ነኝ ይላሉ፣ ጨው አስረውበታል!»

ጥቅሉን ፈትቶ ጨዉን በዳኛው መዳፍ ላይ አራገፈው። ከባንኮኒው ላይ የተረፈውን ግማሽ ደብተር አንሥቶ ወጣ። ማንም አልሳቀም፤ ማንም አልከለከለውም።

በማግስቱ ጠባቂዎቹ ተመልሰው መጡ። እሱን አገኙት፤ ደብተሩን ግን አጡት። ዙለይካ ጎህ ሲቀድ በላስቲክ ጠቅልላ ወስዳ ቀብራው ተመልሳ ነበር።

«የት ደበቅሽው?» አላት አንዱ ጠባቂ።

ባሏን እየገፉ ሲያወጡት አየች።

«እናንተ በማትረግጡት ቦታ።»