በወንድሜ ላይ የሰጠሁት ምስክርነት

ቅዳሜ፣ በጥር ማለቂያ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፣ እንጅባራ ሜዳ ላይ በታናሽ ወንድሜ በሙላት ፈንታ ፈረሱን ጋለብሁ። ለምን እኔ እንደጋለብሁ ለነፍስ አባቴም ነግሬ አላውቅም።

ሙላት ስኪዞፍሬንያ አለበት። መድኃኒቱ የሚሰማቸውን ድምፆች ዝም አሰኝቶለታል፤ መርሳቱ ግን አልለቀቀውም። ሦስት ነገር አዝዘው ዳንግላ ገበያ ቢልኩት አንዱን ይዞ ይመለሳል። አባታችን ሲሞት ግን ፈረሱን የተናዘዘው ለእርሱ ነው። ታላቁ እኔ ነኝ። ተምሬ ጋዜጠኛ የሆንሁት፣ እናታችንን የማሳክመው እኔ ነኝ። እናቴ የእርሱን ስም ስትጠራ ትለሰልሳለች፤ የእኔን ስትጠራ ሥራ ልታዝዘኝ ነው። ቀናሁ። ሌላ ስም የለውም።

ከፈረሰኞች በዓል በፊት የፈረሰኞቹ አለቃ ቤታችን መጡ። በእኛ ቡድን ፈረሰኞች ጥንድ ጥንድ ሆነው ይጋልባሉ፤ ሜዳው ጫፍ ላይ የተተከለው ባንዲራ ጋ ሲደርሱ በቀኝ ያለው ቀድሞ ይዞራል። ይህን የረሳ ጓደኛውን ይጥላል። የሙላት ቦታ በቀኝ ነበር።

«አንተ እንኳን ለወንድምህ ለሹምም አታዳላም ይሉሃል» አሉኝ እየሳቁ። «እስቲ እውነቱን ንገረኝ፤ ልጁ ዙሩን ይይዛል?»

«እርስዎ ይፍረዱ። የዛሬን መድኃኒት መዋጡን እንኳ አያስታውስም።»

«እንግዲያ አንተ ውጣበት» አሉ።

ያልሁት እውነት ነበር። ማለዳ ማለዳ ግጦሹ ላይ በአገውኛ ለራሱ እያንሾካሾከ ዙሩን ሲለማመድ፣ አንዴም ሳይስት ሲዞር ማየቴን ግን አልነገርኋቸውም። የተቆረጠ እውነት ምን እንደሚያደርግ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? አውቄ ቆረጥሁት። እኔ ነኝ የቆረጥሁት።

በበዓሉ ባንዲራው ጋ ስደርስ ማን ቀድሞ እንደሚዞር ጠፋኝ። ከተመልካቹ መካከል «አያ፣ አንተ ነህ ቀዳሚው! ዙር!» የሚል ሰማሁ። ሙላት ነበር። ዞርሁ።

በኋላ ለክትትል ስወስደው ሐኪሙ እኔንም ጠያየቀኝ። እንዲህ ያለው የማስታወስ ችግር ቀለል ብሎ በቅርብ ዘመዶችም አንዳንዴ እንደሚታይ ነገረኝ። ማመካኛ አላደርገውም። አለቃው ሲጠይቁኝ የረሳሁት ነገር አልነበረም። እናንተንም ይቅር በሉኝ አልልም፤ ይቅር ማለት የሚገባው ሙላት ገና አልሰማም።

አለቃው ባለፈው ክረምት አረፉ። ሙላት ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ኮርቻ ላይ አልወጣም።